ከኋላችን የነበሩ ዓይኖች

ያ ሰሞን ጁባ እንደ ሙሽራ ቤት ነበረች። መንገዱ ይጠረጋል፣ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ኖራ ይቀባል፣ ባንዲራ የማይሰፋ ልብስ ሰፊ አልነበረም። አገሩ ነጻነቱን ሊያውጅ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። ሴቱ ሁሉ ለበዓሉ ፀጉሩን ለመሠራት ይራወጣል። ማላኪያ ሠፈር ካለችው ምግብ ቤቴ ደጃፍም እየመጡ፣ ከዳሱ ሥር ያለውን ባዶ በርጩማ እያዩ፣ «ሀበሻዋ የት ሄደች?» ይሉኛል። «አገሯ ገባች» እላለሁ። አንዷ ወፍራም ሴትዮ እንዲያውም፣ «ታዲያ ለነጻነታችን ማን ሊሠራን ነው?» ብላ ተቆጣችኝ፤ እኔ የደበቅኋት ይመስል።

እንዲህ ስመልስ በዋልኩበት ቀን ስልኬ ጠራ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበርና ዓይኔ አስቀድሞ እንባ ይዟል።

«እትዬ ሙሉ ነሽ?» አለችኝ አንዲት ቀጭን ድምፅ። «ሰብለ ነኝ። የትርንጎ ልጅ።»

ከዚያ ዝም አለች። በአገራችን መርዶ የሚነገረው ማልዶ ነው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ፊት ፊት ሄዶ፣ ሰው ሳይወጣ ሳይወርድ በር ተንኳኩቶ። ስደት ግን መርዶውንም በስልክ አደረገው። ደጋፊ የለሽ፣ የሚይዝሽ የለ፣ አንዲት ልጅ ወልዲያ ላይ ሆና ዝም ስትልሽ በቃ አወቅሽ ማለት ነው።

«መቼ?» ብቻ አልኳት።

«ማክሰኞ ጠዋት። ራሴን አለች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።»

ቢላውን አስቀመጥኩ። ደጅ ወጣሁና ከዳሱ ሥር፣ እሷ ትቀመጥበት ከነበረው በርጩማ ላይ ሳይሆን፣ እኛ እንቀመጥበት ከነበረችው ዝቅተኛዋ ላይ ተቀመጥኩ። ጀርባዬን ለባዶው ሰጥቼ ማለት ነው።

እትዬ ትርንጎ ፀጉር ሠሪ ነበረች። ጁባ የመጣችው የሰሜንና የደቡቡ ሰላም ከወረደ በኋላ በካርቱም በኩል ነው። ካርቱም ሰው ቤት ስትሠራ ዓመታት አሳልፋ፣ ዓረብኛውን ከነስድቡ ለምዳ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ማበጠሪያ ይዛ መጣች። ማበጠሪያው ጭራው ረጅም፣ ጥርሱ ከመሀል የጎደለ ነው፤ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። ከምግብ ቤቴ ፊት ያለውን ዳስ ስታየው፣ «ይሄ ጥላ ሥራ ፈትቶ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። በማግሥቱ ሁለት በርጩማ አምጥታ ተቀመጠች። ኪራይም አልጠየቅኋት፣ እሷም አልጠየቀችኝም። እኔ ወሬ እወዳለሁ፤ እሷ ዘንድ ደግሞ የከተማው ወሬ ሁሉ ራሱን ይዞ ይመጣል።

ቁመቷ ረጅም፣ ሰውነቷ እንደ ሸንበቆ ቀጭን ነበር። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። ደንበኛ ሲመጣ ሰላምታዋ አንድ ነው፦ «ራስሽን ስጪኝ።» ሥራ ከመጀመሯ በፊት በማበጠሪያው ጭራ አናታችን ላይ ትንሽ መስቀል ትሠራለች፤ ሙስሊም ብትሆኚም ትሠራልሻለች፣ ጴንጤ ብትሆኚም። ስትጨርስ ደግሞ ትከሻሽን በሁለት እጇ መታ መታ አድርጋ «ተነሺ» ትላለች። ወጣቶቹ «አጥብቂው፣ ጠበቅ አድርጊው» ሲሏት ሁልጊዜ የምትመልሰው አላት።

«የጠበቀ ያምራል እንጂ አይበረክትም። ቀጭኗን ፀጉር አብዝተሽ ስትጎትቻት ሥሯ ላይ ነው የምትበጠሰው። ሥር ደግሞ አይታይሽም።»

ይህን የመሰለ ነገር በኋላ ከሐኪም አፍ እንደምንሰማ ማን ያውቃል።

ልጇን ሰብለን ወልዲያ እናቷ ዘንድ ነበር የተወቻት። ይህን አንድ ቀን የእኔን ፀጉር እየሠራች ነገረችኝ። ፀጉር ሲሠራ ሰው ምስጢር የሚያወራው ፊት ለፊት ስለማይተያይ ይመስለኛል።

«በሄድኩባት ጠዋት ፀጉሯን ሠራሁላት» አለችኝ። «ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ። አላለቀስኩም። አሳምሬ ሠርቼ፣ ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ፣ ‹በይ ተነሺ፣ ትምህርት ቤት ይረፍድብሻል› አልኳት። ደብተሯን ይዛ ሮጠች። እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ።»

«ሳትሰናበቻት?»

«ብሰናበታት እሄድ ነበር እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ አላየቻትም። ዘንድሮ ስትል፣ ለከርሞ ስትል፣ ልጅቱ በስልክ ውስጥ አደገች። የትርንጎ ምኞት አንድ ብቻ ነበር። ሰብለ ስትዳር የሰርጓን ፀጉር በገዛ እጇ ልትሠራላት፣ ከዚያ ወደራሷ አዙራ ፊቷን ልታይ። «ሌላ ሰው የልጄን ራስ ከነካ ዓይኔ ይጥፋ» ትል ነበር። ሰው ሲምል ምን እንደሚምል አያውቅም።

ወልዲያን ለቃ ስትወጣ ደግሞ ለእመቤታችን ተስላለች። «ሰብለን ጠብቂልኝ፤ እኔም ሁዳዴን አንድ ቀን ሳላጎድል እጾምልሻለሁ» ብላ። ጾሟም እንደ እኔና እንደ አንቺ ጾም አይደለም። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፏ አይዞርም፤ በዚያ የጁባ ሙቀት፣ ቆርቆሮው ሲጮህ፣ ውሻ እንኳን ምላሱን ጎትቶ ጥላ ለጥላ ሲሄድ፣ እሷ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ትሠራለች። እኛ ሀበሾቹ ያኔ የምንጸልየው ሰው ግቢ ተሰብስበን ነበር። «ደወል በማይሰማበት አገር ጾሜንም ከተውኩ ምን ቀረኝ?» ትለኛለች።

የደም ግፊት እንዳለባት ያወቅነው በቀልድ ነው። ኛኩዎት የምትባል ነርስ ነበረች፤ ኑዌር ናት፣ ግን ኢትዮጵያ ስደተኛ ሠፈር ያደገች፣ ጋምቤላ የተማረች፣ አማርኛዋ ከእኔ የሚጣፍጥ። ኮር ዊሊያም የሚባለው ሠፈር አንድ ክሊኒክ ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሯን ልትሠራና ጥብስ ልትበላ ትመጣለች። አንድ ቀን ከቦርሳዋ የግፊት መለኪያ አወጣችና እኔን ለካችኝ።

«አንቺ ወፍራሟ ደህና ነሽ» አለችኝ።

«አንቺ ደግሞ ምላስሽ ይለካ!» አልኳት።

ቀጥላ ትርንጎን ለካች። ለካችና ፈታችው። እንደገና አስራ ለካች። ከዚያ በሌላው ክንድ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ወይ ይሄ ዕቃ ተበላሽቷል፣ ወይ አንቺ ተበላሽተሻል።»

ሳቅን። ኛኩዎት ግን አልሳቀችም። «ራስሽን አያምሽም? ዓይንሽ ላይ ብዥ አይልሽም?» አለቻት።

«ምንም የለኝም። ደም ብዛት የወፍራም በሽታ ነው፤ ለሙሉ ስጪያት።»

ኛኩዎት ክሊኒክ ወሰደቻትና ሐኪሙ ኪኒን ጻፈላት። በየቀኑ፣ ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ፤ ደህና ነኝ ብላ እንዳታቋርጥ። ትርንጎም ደህና አድርጋ ዋጠች፣ ሁዳዴ እስኪገባ ድረስ። ሁዳዴ ሲገባ ብልቃጡን ማበጠሪያዋ ካለበት ሻንጣ ውስጥ ከተተችው።

«እረ እትዬ ትርንጎ!» አልኳት።

«ምን እረ እረ ትይኛለሽ? ከቁርስ በኋላ ነው የተባለው። በሁዳዴ ቁርስ አለኝ? ደግሞስ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ደሙ ከየት ይበዛል? ጾም ራሱ መድኃኒት ነው።»

ቅዳሜ ኛኩዎት ስትሰማ ለመነቻት። «በማታ ዋጪው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ዋጪው፤ ብቻ አታቋርጪው» አለቻት። ትርንጎ እየሠራችላት ስለነበር አንገቷን ወደፊት ደፋ አደረገቻትና፣ «ለእመቤታችን የሰጠሁትን ከሰዓት እየሰረቅሁ አልወስድም» አለቻት። የልጇ ዋስ ጾሟ ነበር። ጾሙን ብትነካካ ሰብለ ላይ የሚመጣ ነገር ያለ ይመስላታል። ይህን ለነርስ በምን ቋንቋ ይነግሩታል?

የዚያን ሁዳዴ አጋማሽ ላይ መነጽር ገዛች። ገበያ ውስጥ በሰሌዳ ላይ ሰክቶ ከሚያዞር ነጋዴ ነው፤ አብሬያት ነበርኩ። አንዱን ታደርጋለች፣ ትገረምማለች፣ ታወልቃለች። ነጋዴው «ኩወይስ! ኩወይስ!» ይላታል፣ ቆንጆ ሆነሽበታል ለማለት። እኔ የገረመኝ ሌላ ነው፤ እያንዳንዱን ስትሞክር ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ትከድናለች።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«የጁባ አቧራ ነው። በግራው በኩል መጋረጃ ቢጤ ወርዶብኛል፤ ምች ይሆናል።»

«ያምሻል?»

«ቢያመኝማ እናገር ነበር።»

ትልቁን፣ ወፍራሙን መነጽር መርጣ ገዛች። መጋረጃው ግን በመነጽር የሚገለጥ አልነበረም። እሷም አውቃዋለች መሰለኝ፣ ከሳምንት በኋላ አንገቷ ላይ እንደ ሐብል ተንጠልጥሎ ቀረ።

እንግዲህ የፀጉር ሥራን ነገር አስቢው። ደንበኛው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቷት ነው የሚቀመጠው። ዓይኗን የሚያይ የለም። ጣቶቿ ደግሞ ለብቻቸው ዓይን ነበራቸው፤ እያወራች፣ እየሳቀች፣ መንገደኛ እየሰደበች ፀጉሩን ሳታይ ትሠራ የነበረች ሴት ናት። ሻይ ይዤ ፊት ለፊቷ ስመጣ አንዳንዴ ዓይኗን ጨፍና ስትሠራ አገኛት ነበር። «ጣቴ ያያል» ትለኛለች። ችሎታዋን ልታሳየኝ ይመስለኝ ነበር። ያ እጇ ነው ያኮራት፤ ያ እጇ ነው የሸሸጋት።

የከዳት መስመሩ ነው። ፀጉር መጎንጎን የጣት ነው፤ አናት ላይ መስመር ማውጣት ግን ዓይን ይፈልጋል። አንዲት የፖሊስ ሚስት ተሠርታ መስታወት ስታይ መስመሩ ከግንባሯ ተነሥቶ እንደ እባብ ወደ ጆሮዋ ሄዷል።

«ደ ሹኑ?» ብላ ጮኸች፤ ምንድን ነው ይሄ ማለቷ ነው።

ትርንጎ አልደነገጠችም። «ፋሽን ነው! አዲስ ፋሽን! የካምፓላ ሴቶች ሁሉ እንዲህ ናቸው።»

ሴትዮዋ ራሷን ግራና ቀኝ አዙራ አየች፣ አሰበች፣ ከዚያ ፈገግ አለች። በሳምንቱ ጎረቤቶቿ «እንደ እሷ ጠማማውን ሥሪን» ብለው መጡ። ዳሱ ሥር ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ትርንጎ ግን መዳፏን ወደ አፏ አልወሰደችም። ያን ቀን ነው የገባኝ። ሴቶቹ ሲሄዱ አጠገቧ ተቀመጥኩና «በግራሽ ምን ያህል ይታይሻል?» አልኳት።

«ከዳር ዳር» አለች። «መሀሉ የለም። ሰው ሲመጣ እግርና ፀጉር ነው የሚመጣልኝ፤ ፊት የለውም» አለችኝ።

ለኛኩዎት ነገርኳት፤ በማግሥቱ መጥታ እየተቆጣች ሆስፒታል ወሰደችን። ከናይሮቢ ለጥቂት ቀን የመጣ የዓይን ሐኪም ነበረ። ትርንጎ ተስፋዋ ሞራ እንዲሆን ነው። «ሞራ ከሆነ ይገፈፋል፤ አባቴም ተገፍፎለት እስኪሞት ዳዊት ደግሟል» እያለች መንገዱን ጨረሰችው። ሐኪሙ ጨለማ ክፍል አስገባን። በትንሽ መብራት ዓይኗ ውስጥ ቆየ፤ ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ እንደገና ወደ ግራው ተመለሰ። ከዚያ ምንም ሳንነግረው፣ «ግፊት አለባት፤ መድኃኒትም እየወሰደች አይደለም» አለ። ኛኩዎት ስትተረጉምላት ትርንጎ ደነገጠች።

«ማን ነገረው?»

«ዓይንሽ» አለቻት ኛኩዎት።

ሐኪሙ ሲያስረዳ፣ ከሰውነታችን ሁሉ ሳይቀደድ የደም ሥር የሚታየው ከዓይን ጀርባ ብቻ ነው አለ። እዚያ ያሉት ሥሮች ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ደሙ ዓመት ሙሉ በኃይል ሲገፋቸው ይጠባሉ፣ ይደነድናሉ፣ አንዳንዱ ይደፈናል፣ አንዳንዱ ይደማል። ሲደማ አያምም፤ ስለማያምም ሰው አይመጣም። የግራው ደምቷል፤ የጠፋው መሀል ላይመለስ ይችላል። የቀኙ ግን ገና አለ። «የቀኙ በኪኒኑ ላይ ነው የተንጠለጠለው በያት» አላት ኛኩዎትን።

ትርንጎ የራሷን ፀጉር ሥር በጣቷ ዳበሰች። ከዚያ በቀስታ፣ ለራሷ እንደሚያወራ ሰው፣ «ሥር ላይ ነው የሚበጠሰው» አለች። «ሥር ደግሞ አይታይም።»

ሁዳዴው ተፈጸመና ፋሲካ ሆነ። ከፋሲካ ጀምራ ኪኒኗን ሳታሰልስ ዋጠች። ኛኩዎት በየቅዳሜው ትለካታለች፤ ግፊቱ ወረደ፣ ቀኟ ዓይኗ ጸና። መስመሩን ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔ በማበጠሪያው ጭራ መስመር አወጣለሁ፣ እሷ ትጎነጉናለች። ያንን ማበጠሪያ ሰው ሲነካው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ዞሮ ጥር ሲገባ ሰብለ ታጨች። ሰርጉ ለከርሞ ጥር ተቆረጠ። ትርንጎ በስልክ እልል አለች፤ ምግብ ቤቴ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳያውቅ አብሮ እልል አለ። «አንድ ዓይን ለአንድ ልጅ ይበቃል» አለችኝ የዚያን ቀን።

ደግ ነገር አይበረክትምና ሁዳዴ እንደገና ገባ።

ያኔ የተከራከርነውን አልረሳውም። ኛኩዎት በአማርኛ ጀምራ በኑዌርኛ ጨረሰች፣ በመሀል አለቀሰች። እኔ «የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ ስልካቸው አለ አይደል?» አልኳት። ወልዲያ ያሉት የንስሐ አባቷ ሽማግሌ ናቸው፤ በዓመት በዓል እየደወለች ትባረካለች።

«ምን ብዬ? ለልጄ የተሳልኩትን ለዓይኔ ልስበረው ወይ ብዬ? አፍራለሁ።»

«ሰርጉስ?»

«ለሰርጉ ብዬ አይደል እንዴ? አሁን ልጄ ደጃፍ ላይ ልትደርስ፣ አሁን ጾሜን ልቀንስ?»

እንዲህ ናት። ለመንናት፣ ሰደብናት፣ ኛኩዎት አኩርፋ ሁለት ቅዳሜ ቀረች። ሰው በግድ አይዋጥለትም።

የስቅለት ዕለት ከምንጸልይበት ግቢ ነበርን። ቀትር ነው። ሴቶቹ ነጠላችንን አደግድገን እንሰግዳለን፤ መሬቱ ግንባር ይፈጃል። ትርንጎ ከእኔ ፊት ነበረች። ወደቀች፣ ተነሣች፣ ወደቀች፣ ተነሣች። ከዚያ ተነሥታ ቆመችና፣ «ጨለመ» አለች።

ያን ሰዓት የሚነበበው የጌታችን ሕማም ነው፤ ፀሐይ የጨለመችበት። ሴቶቹ ስለ ጌታ ያለቀሰች መሰላቸው። አንዷ «እሰይ፣ እንዲህ ነው ማመን» አለች። ሌሎቹም አብረዋት አነቡ። እኔም አፍታ ያህል እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግን እጇን ወደፊት ዘርግታ አየር ስትዳብስ አየኋት።

«ሙሉ፣ የት ነሽ?» አለችኝ። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ።

በሆስፒታሉ ያገኘነው ሐኪም ሌላ ነው፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ግፊቱ ሰማይ ወጥቷል፣ የቀኙም ደምቷል፣ ነርቩም አብጧል። ግፊቱን ቀስ እያሉ አወረዱት። ብርሃንና ጥላ መለየት ቻለች፤ ከዚያ አላለፈም። «ለዓይኗ ዘግይቷል። አሁን ኪኒኑ ለልቧና ለአንጎሏ ነው» አለን።

ከሆስፒታል ስትወጣ እኔ ቤት አስቀመጥኳት። በኪኒኑ ነገር ከእንግዲህ ክርክር እንዳይኖር ብዬ ለንስሐ አባቷ ደወልኩና ስልኩን ሁለታችንም እንድንሰማ አድርጌ አስቀመጥኩት። አባ ሁሉንም ሰሙ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ማን ከለከለሽ ልጄ?» አሏት። «ለታመመ ሰው መድኃኒት ጾም አይሽርም። ስለቱስ ቢሆን፣ እመቤታችን ዓይንሽን ምን ታደርገዋለች? አንድ ቀን ብትጠይቂኝ ኖሮ…»

ስልኩ ሲዘጋ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለቀሰችም። ፊቷን ወዳለሁበት አቅጣጫ አዞረች፤ ትንሽ ስታለች፣ የምታየው ግድግዳውን ነበር።

«ለምን ጠየቅሽልኝ?» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ዓይኔን ለልጄ ሰጥቻለሁ ብዬ ተቀብዬው ነበር። አሁን ዝም ብሎ የጠፋ ሆነ።»

ብልቃጡን አነሣሁና እጇ ላይ አኖርኩላት። 

ከዚያ በኋላ ኪኒኗን እንደ ታቦት አከበረችው። በየጠዋቱ ብልቃጡን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታንቀጫቅጨዋለች፤ ሊያልቅ ሲል በድምፁ ታውቀዋለች። ጾም ቢሆን፣ ፍስክ ቢሆን ትውጣለች። ኛኩዎትም ታረቀቻትና በየቅዳሜው እየለካች «ታማም ነሽ» ትላታለች፣ ደህና ነሽ ለማለት። ትርንጎ፣ «ታማም ምን ያደርግልኛል፣ ጅቡ ከሄደ» ትላለች። መልሳ ደግሞ ኛኩዎትን «ነይ፣ ራስሽን ስጪኝ» ትላታለች። መስመሩን እኔ አወጣለሁ፤ ቀሪውን እሷ። አዲስ የሚመጡ ደንበኞች ዓይነ ስውር መሆኗን ሳያውቁ ተሠርተው፣ አመስግነው ይሄዱ ነበር። ጀርባቸውን ሰጥተዋታላ።

ለሰብለ ግን እንዳልነግርባት አስማለችኝ።

«ከአውቶቡስ ስትወርጂ ታይሽ የለም እንዴ?»

«ያኔ ትየኛ። እዚህ ሆኜ ከምታዝን፣ እጄን ይዛ ትዘን።»

ጥር ላይ፣ ጁባ ሕዝቧ ገና ሳይነጋ ተሰልፎ ስለ ነጻነቱ ድምፅ ይሰጥ በነበረበት ሰሞን፣ አገር ከሚገባ የአማራት ሠፈር ሆቴል ሠራተኛ ጋር ሸኘኋት። ሰልፉ መንገዱን ሞልቶት ነበር። «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰው?» አለች። «አገር ሊመርጡ ነው» አልኳት። «ደስ ሲሉ! ይቅናቸው» አለች። ማበጠሪያውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ክንዴን ይዛ ሄደች። ስንለያይ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ከዚያ በኋላ ድምፅዋን እንጂ እሷን አላገኘሁም።

ይኸው አሁን ደግሞ ድምፅዋም የለም። ሰብለ በዚያ ስልክ ላይ ቆየች። ደጅ ሕፃናት ከበሮ እየመቱ አዲሱን የአገሩን መዝሙር ይለማመዳሉ፤ በአንድ ጆሮዬ እነሱን፣ በሌላው እሷን እሰማለሁ።

«ኪኒኗን አንድም ቀን አላቋረጠችም» አለችኝ። «ሐኪሞቹ ግን ሥሩ ድሮ ነው የተጎዳው አሉን።»

«ሰርጉን እንዴት ዋለች? አንዴ ብቻ በስልክ ደህና ነበር አለችኝ እንጂ አልነገረችኝም» አልኳት።

«ፀጉሬን ሠራችኝ። ሚዜዎቼ መስመሩን አወጡላት፣ እሷ ጎነጎነች። እንደዚያ ያለ ሥራ ወልዲያ አይቶ አያውቅም። ከመጀመሯ በፊት ዞሬ እግሯ ሥር ተንበርክኬ ነበር። ‹እማዬ፣ ፊቴን በእጅሽ ዳብሺውና እይኝ› አልኳት። እምቢ አለች።»

«እምቢ?»

«‹የእኔይቱን፣ የዘጠኝ ዓመቷን ሰብለ ይዣታለሁ፤ አታደባልቂብኝ› አለችኝ። ዞር ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋት።»

ልጅቱ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለየሁትም።

«ስትጨርስ» አለች፣ «ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝና፣ ‹በይ ተነሺ፣ ትምህርት ቤት ይረፍድብሻል› አለችኝ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ሙሽራ ነኛ። መኪናው ደጅ ጥሩንባ ይነፋል፣ ሚዜዎቹ ‹ተነሺ እንጂ፣ ደረሱ› ይላሉ። እኔ ግን አልነሣም አልኩ እትዬ ሙሉ። በልጅነቴ፣ ያን ጊዜ ተነሥቼ ሄጄ፣ ስመለስ አላገኘኋትማ።»